ቁልፍ ሰባሪው ማሽን

[አማችየው ባንክ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እማማ የሚስቱ እናት ናቸው፤ «ለሁለት ቀን» ብለው መጥተው ወሩን አጋምሰዋል። አማችየው ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሳቸውን ስልክ ይነካካል።]

እማማ፦ ስልኬን መልስ ብዬሃለሁ! እህቴ ጋ ልደውል ነው።

አማች፦ አንዴ እማማ፣ የመልእክቱን መቆለፊያ እያደስኩልዎት ነው። ኳንተም ኮምፒውተር የሚባል ጉድ እየመጣ ነው።

እማማ፦ ይምጣ! ቤት ያፈራውን ይቀምሳል። እንግዳ ምን ያስፈራል?

አማች፦ እንግዳ አይደለም፣ ማሽን ነው! የምንላላከው መልእክት በቁጥር ይቆለፋል። የዛሬ ኮምፒውተር ያንን ቁጥር ልፍታ ቢል ዕድሜ ልኩን ቢለፋ አይሆንለትም። ያኛው ግን የጎለመሰ ዕለት ብርግድ ነው የሚያደርገው።

እማማ፦ ታዲያ መቀርቀሪያ ጨምሩበታ!

አማች፦ እሱንማ እየጨመርን ነው። የድሮው መልእክት ነው ጣጣው። ሌቦቹ የተቆለፈውን ዛሬ እንደተቆለፈ ሰብስበው ያስቀምጡታል፤ ማሽኑ ሲመጣ ይከፍቱታል።

እማማ፦ ሞኞች! እስከዚያ አይሻግትባቸውም?

አማች፦ ኧረ እማማ፣ ጽሑፍ እኮ ነው!

እማማ፦ እሺ፣ አንተን ምን አስጨነቀህ? የባንኩ ነገር ነው?

አማች፦ ባንኩስ ለራሱ ያውቃል። እኔና ባለቤቴ የተጻጻፍነው አለ…

እማማ፦ የፍቅር?

አማች፦ [አንገቱን እያከከ] የ… የቤት ጉዳይ።

እማማ፦ የሰው ቤት ጉዳይ ለሌባ ምን ይረባዋል?

አማች፦ ለሌባውስ አይረባም። ሌላ ሰው እንዳያነበው ብዬ ነው። ከሁለታችን በቀር በዓለም ላይ የሚያውቀው የለም!

እማማ፦ «እናትሽ መቼ ነው የሚሄዱት?» የሚለውን ነው?

[ስልኩ ከእጁ ያመልጠዋል።]

አማች፦ እማማ! ማሽኑ መጣ እንዴ?!

እማማ፦ የምን ማሽን! አንተ ስትጽፍ እየጮኽክ አይደል እንዴ የምትጽፈው? መታጠቢያ ቤት ገብተህ አንድ ባንድ እያነበነብክ! ኩሽና ድረስ ይሰማል እኮ፣ የኔ ጌታ።

አማች፦ ታዲያ… እስከዛሬ ለምን ዝም አሉ?

እማማ፦ ልጄ ምን ብላ እንደመለሰችልህ ሰምቼ ልሄድ ነበራ። እሷ ደግሞ እንዳንተ አትጮኽም፤ ድምጿን አጥፍታ ነው የምትጽፈው። [ስልካቸውን ከወለሉ ያነሳሉ።] ለመሆኑ ያ ማሽን መቼ ይደርሳል?

አማች፦ እንጃ… ምናልባት አሥር ዓመት…

እማማ፦ [ሶፋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው] ጥሩ። እጠብቀዋለሁ።