ድረ ገጻችንን ያታለሉት አጎቴ

በየቤተሰቡ ካላረጋገጠ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት ዕጣው ለእናቴ ወንድም ደርሷል። ተራ ቀን እንኳ ክቡርነታቸውን ብዙ ታስከፍላቸዋለች፦ ጠዋት እንቁላሉን አንድ በአንድ በብርሃን ሲመረምሩ የባለሱቋን ሰላምታ ያጣሉ፤ ቀትር ላይ ሐኪሙን "ፈቃድህን እስቲ ላረጋግጥ" ብለው ወረፋቸውን ያጣሉ፤ ማታ የቆለፉትን በር መልሰው መላልሰው ሲገፉ የሚስታቸውን ትዕግሥት ይጨርሳሉ። ልጄ ጥርስ አወጣ ብላቸው እጃቸውን ታጥበው ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተቱ። ተነከሱ። "እውነት ነው" አሉ።

ልጄን አዝዬ የልብስ ስፌት ሥልጠና ጨረስኩ። ሥራ የጠየቅንበት የልብስ ፋብሪካ ግን ፊቱን አዞረብን። "የእናንተ ሰርተፊኬት በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይታተማል። የሚጣራበት መንገድ አምጡ" አለን። ማሰልጠኛችን አንዲት ፕሮግራመር ቀጠረና የማረጋገጫ ድረ ገጽ ማሠራት ጀመረ። እኔም ታይፕ ስለምችል የምሩቃኑን ስም አስገባሁ።

በሙከራው ቀን አጎቴ ልጄን ሊይዙልኝ አብረውኝ መጡ። ፕሮግራመሯ ድረ ገጹ ስለሚሠራበት ብሎክቼይን አስረዳች፦ ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት መዝገብ ይይዛሉ፤ አንዱ ቢያጭበረብር ሌሎቹ ያጋልጡታል።

"ተማክረው ቢዋሹስ?" አሉ አጎቴ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር እኮ ሐሜት አያውቅም!"

የሰርተፊኬቴን ፋይል ከነቁጥሩ አስገባች። አረንጓዴ በራ፤ "ትክክለኛ ነው"። ተጨበጨበ። ክቡርነታቸው ልጁን አስታቀፉኝና ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ። "እስቲ ላረጋግጥ።"

ስክሪኑ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስቀየሩት የእኔ ሰርተፊኬት መጣ፤ ቁጥሩ የእኔ፣ ፎቶውና ስሙ ግን የእሳቸው። ጢማቸውን አበጥረው፣ በልብስ ስፌት በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀዋል! መርፌ ውስጥ ክር አስገብተው የማያውቁ ሰው።

አረንጓዴ በራ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ማልቀስ ቃጣኝ። የፋብሪካው ሰው ሊመጣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ይህን ካየ የሁላችንም ነገር አበቃ።

"ጉድ አደረጉን፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ሌባ ከሚቀድመኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ፕሮግራመሯ ግንባሯን መታች። "ቁጥሩ መኖሩን ብቻ ነው ያየሁት! ሰነዱን ከመዝገቡ ጋር አላመሳከርኩም።" ቁጭ ብላ አስተካከለችው። አሁን ድረ ገጹ የሰነዱን ዲጂታል አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላውን ልዩ ቁጥር፣ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ያነጻጽራል። አንዲት ነጥብ ከተነካች ቀይ ነው።

የፋብሪካው ሰው መጣ። የእኔን አስገባ፤ አረንጓዴ። ለሙከራ የሰጠነውን የአጎቴን አስገባ፤ ቀይ።

"ይሄ ባለጢም ማነው?"

"አጎቴ ናቸው" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። እንዲህ ኮርቼባቸው አላውቅም።

ሰውዬው ከልቡ ሳቀ። "መቼ ትጀምሪያለሽ?"

ለአጎቴ ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ ተቀጠርኩ!" ማስረጃ ይጠይቁኛል ብዬ የቅጥር ደብዳቤውን እጄ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቁም። "አውቄ ነበር እኮ" አሉ።

ይህን እንደምጽፍ ሲሰሙ ለእናንተ መልእክት ላኩ፦ "ድረ ገጹን የምትከፍቱ ሁሉ፣ የሰርተፊኬቱን አንድ አንድ ፊደል እየለወጣችሁ ለማታለል ሞክሩ። ካታለላችሁት ለሌላ ሰው ሳትነግሩ ለእኔ ደውሉ። ሠልጣኞቹ ልጆች ለፍተው ያገኙት ሰርተፊኬት ነው፤ አደራ።"