የካፒቴን ሜልዳ መርዶ በሱሉልታ

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ሌላ ዓለም ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ። የቡራዩ የጠዋት ሰልፍ መቼም የሚያልቅ አይደለም፤ ስልኬን አወጣና አነባለሁ። ሁለት ጨረቃ ያለው ሰማይ፣ የሚናገር ወንዝ፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚሄድ መርከብ። ከኋላዬ ያለው ሰው «እህት፣ ሰልፉ ሄደ እኮ» ሲለኝ ነው ወደ ምድር የምመለሰው። አንዳንዴ ባልመለስ ደስ ይለኛል።

ብቻዬን ግን አልሄድም። ያነበብኩትን በአማርኛ እየተረክሁ፣ የወደድኩትን እያመሰገንኩ፣ ያናደደኝን እየሞለጭኩ የምጽፍበት የቴሌግራም ቻናል አለኝ። የሳይንስ ልብ ወለድና የምናብ ዓለም መጻሕፍት ብቻ። ቀን ቀን የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ውስጥ ትእዛዝ እቀበላለሁ። መቁረጫው ሲጮህና ደንበኛ ሲጠፋ ስለ ዘንዶ እጽፋለሁ። እናቴ ሥራ ፈት ትለኛለች። ምን ልበላት?

ብዙ አይደለንም፤ ጭቅጭቃችን ግን ለአንድ ከተማ ይበቃል። አንዱ ቶላ ነው፣ የዓለም ገና ሚኒባስ ሾፌር። ታክሲው እስኪሞላ ያነባል፤ ሞልቶም ምዕራፉ ካላለቀ አይነሳም እያሉ ተሳፋሪዎች ይሰድቡታል። ሌላው ኦቦ ገመዳ ናቸው፣ ከሱሉልታ። ሆለታ ላይ የገብስ ዘር ሲመርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። በአካል አይቻቸው አላውቅም ነበር። ቴሌግራም ላይ ያደረጉት ፎቶ እንኳን የገብስ ማሳ ነው።

ኦቦ ገመዳ ካፒቴን ሜልዳን ወደዷት። ማን መሰለቻችሁ? ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ አሮጌ መርከብ ይዛ ከኮከብ ወደ ኮከብ ዘር የምታደርስ። ክረምቱን ሙሉ እሷን ስተርክ፣ ኦቦ ገመዳ ከሥር «ዘሩን እርጥበት እንዳይነካው ንገሪያት» እያሉ ይጽፉ ነበር። እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት? ግን እሺ ኦቦ፣ እነግራታለሁ እላለሁ።

ሦስተኛው ቅጽ ሊያልቅ ሲል ለብቻዬ ጻፉልኝ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ እሳቸው ማሳ መሃል ነበሩ። አንድ ዘመድ ደወለና በስልክ ነገራቸው። የሚይዛቸው፣ አብሯቸው የሚያለቅስ ሰው ሳይኖር፣ ገብሱ መሃል ብቻቸውን ቆመው ሰሙ። እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል አሉ። ቀጠሉና «ልጄ፣ ይቺ ሴት አንድ ነገር ከሆነች ስልክ ላይ እንዳላነበው» አሉኝ። ቃሌን ሰጠሁ።

እኔ ደግሞ የሦስተኛውን መጨረሻ አንብቤዋለሁ፤ አራተኛው ገና እጄ አልገባም ነበር። ሜልዳ ዘሩን ለማዳን የመርከቧን በር ከውጭ ዘግታ እዚያው ጨለማው ውስጥ ትቀራለች።

ለቶላና ለጥቂት አንባቢዎች ነገርኳቸው። አንዷ የሰበታ ልጅ፣ በትረካሽ አትግደያትማ፣ ማን ያውቅብሻል አለችኝ። ሌላው መጽሐፍ አይነካም ብሎ ተቆጣ። ቶላ ግን «ይሄ መርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው» አለ። ሥርዓቱን ማን ያጣዋል? ጎህ ሲቀድ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ቤት ድረስ መሄድ ነው። ቶላ ሚኒባሱን ይዞ ቡራዩ መጥቶ ወሰደኝ።

ሱሉልታ ስንደርስ ጉም ነበር። አጥሩም ዛፉም ጠፍቶ፣ የሆነ ቦታ አንዲት ላም ብቻ እምቧ ትላለች። ሌላ ኮከብ ላይ ያረፍን መሰለኝና፣ ለምን እንደመጣሁ ረስቼ ደስ አለኝ። ቶላ ጎሸም አደረገኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ መንገደኛ ጠይቀን ያገኘነው በራቸው ጋ ቆምን።

ያላሰብነው ነገር ጎረቤት ነው። በጠዋት ነጠላ ለብሶ ሰው በር ላይ የቆመ እንግዳ ምን ይዞ እንደመጣ ሕፃንም ያውቃል። የአጥር ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲወጡ አዩን። ምንም አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና ከኋላችን ቆሙ። ሌላ ሰው ተጨመረ፣ ሌላም። ኦቦ ገመዳ በሩን ሲከፍቱ ጉሙ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል።

«አካም ቡልተኒ፣ የቡራዩዋ ነኝ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ጨብጠው እኔን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ። «ሜልዳ ናት?» አሉ። አዎ አልኩ። ደጃፉ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ፤ በአንድ በኩል ቶላ፣ በሌላ በኩል እኔ ያዝናቸው። ሰፈሩም አለቀሰ። መቼም ለቅሶ ላይ ሰው የራሱንም ያነሳል፤ እትዬ አስካለ የሟች ባላቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ።

ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ጥያቄው መጣ። ሟቿ ምናቸው ናት? ምን ትሠራ ነበር? መርከብ ትነዳ ነበር አልኩ። ባሕር ላይ ነው የሞተችው? የለም፣ ከዚያ ከፍ ይላል። አንድ ሽማግሌ፣ አብራሪ ነበረች ማለት ነው ብለው አጠገባቸው ላለው አስረዱ። መዋሸት አቃተኝ። መጽሐፍ ውስጥ ያለች ሴት ናት አልኳቸው።

ቶላ ኪሱ ውስጥ የመኪናውን ቁልፍ ይፈልጋል። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ ሌላ የሚያለቅስላት ሰው አላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወላጅም ልጅም የላትም አልኩ። «እንግዲያማ እንቀመጥ» አሉ። ተቀመጥን። ንፍሮ መጣ። ሜልዳን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክኋት፤ ጉሙ እስኪገፈፍ ማንም አልተነሳም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደምጬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ቻናሉን ተቀላቀለ። እትዬ አስካለ አስተያየታቸውን በድምፅ ይልካሉ፣ ከዶሮዎቻቸው ጋር።

ጣጣው የመጣው አራተኛውን ቅጽ ሳገኝ ነው። ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሜልዳ የመርከቧን በር ከውጭ አንኳኳች። በሕይወት። እነዚህ የምናብ ዓለም ጸሐፊዎች እንዲህ ናቸው፣ ሞትን አያከብሩም። ሰልፉ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔ ቆሜ በደስታ አለቀስኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። መሞቷን አረዳን፤ ተመልሳ ስትመጣስ ሥርዓቱ ምንድን ነው?

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሱሉልታ ሄጄ ለኦቦ ገመዳ ነገርኳቸው። ደህና ናት ወይ አሉ። ደህና ናት፣ ትንሽ ከስታለች አልኩ። ዘሩስ? በቅሏል። ፊታቸው በራ። ዛሬውኑ ቻናሉ ላይ አወጣዋለሁ ስላቸው ግን ወደ አጥሩ አሻግረው አዩ።

«አስካለ ያን ቀን ባሏን ነው ያለቀሰችው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ይቺኛዋ ተመለሰች ካልናት፣ እሷም በሩን ማየት ትጀምራለች። እኔ አውቀዋለሁ። ተይው ልጄ።»

ይህን ሲሉ እትዬ አስካለ ራሳቸው ብቅ አሉ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ አራተኛው ቅጽ መቼ ነው የሚወጣው አሉኝ። ዋሽተው የማያውቁት ኦቦ ገመዳ «አይወጣም፣ ጸሐፊው አርፏል» አሉ።

እትዬ አስካለ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ተገላገልን ብዬ ሳልጨርስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ከኋላቸው ሰፈሩ። ወንበር ወጣ። ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነበር ብለው ጠየቁኝ። ደግ ሰው ነበር አልኩ፣ ምን ላድርግ። እሱ እኮ ይሄኔ የሆነ አገር ተቀምጦ ሌላ ሰው ከሞት እያስነሳ ይሆናል።

ለቅሶው ሲደምቅ ኦቦ ገመዳ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላቸው። ቀስ ብለው በክርናቸው ነኩኝና፣ ከጋቢው ሥር «ስታንኳኳ ማን ከፈተላት?» አሉኝ።