ከዊንዶውስ ነፃ አውጪው ራጉኤል

በየሰፈሩ ሰውን ከገዛ ኮምፒውተሩ ነፃ የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ነፃ አውጣኝ ያለው ግን የለም። ጅግጅጋ ውስጥ የእኛ ሰፈር ነፃ አውጪ ክቡር ራጉኤል ናቸው፤ ቀን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከሥራ መልስ የሰፈሩ አዳኝ። ቫይረስ ገባብኝ ካልከው ዊንዶውስን ከነዘር ማንዘሩ አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ይጭንልሃል። የድሮ ፕሮግራሞቼስ ስትለው አይደነግጥም። ዋይን የሚባል ሶፍትዌር አለ፣ የዊንዶውሱን ሁሉ ሊኑክስ ላይ ያስነሳል ይልሃል። እውነት ነው፣ ያስነሳል። መራመዱን ማን ቃል ገባ?

"ትንሽ ብቻ ነው የቀረው።" ይቺ መፈክሩ ናት።

የፎቶ ቤቱ ጀዕፈር የሙሽራ ፎቶ የሚያሳምርበት ፕሮግራም ተከፈተለት፤ ፕሪንተሩን ግን አላውቀውም አለ። "ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ለደንበኛው ስክሪኑን ቆርጬ ልስጠው?" ብሎ ጮኸ። የመምህርት ሪሐና ፈተና ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሆኖ ታተመ፤ ተማሪዎቹም በየሳጥኑ የራይት ምልክት አደረጉ።

እኔ ደግሞ ግጥም የማንጎራጉር ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤ ስጀምር ቴሌቪዥን የሚከፍትብኝ። የእህቴ ልጅ ሳምሪ ሐረር ልትዳር ሲሆን የመሸኛ ዘፈን ደረስኩላት፤ ዜማውንም በአንድ አሮጌ የዊንዶውስ የሙዚቃ ፕሮግራም ሠራሁት። ከዚያ ፕሮግራም ሌላ የሚከፍተው የለም። ላፕቶፑን ቫይረስ አጽዳልኝ ብዬ ለራጉኤል ሰጠሁት። አጸዳው፤ ዊንዶውሱንም ጨምሮ።

ከዚያ በኋላ ምሽቴ ሁሉ የእሱ ሆነ። የግመል ወተት ሻሂያችንን ይዘን እንቀመጣለን። ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ድምፁ ይመጣል፣ ከበሮው የለም። ከበሮው ሲመጣ ክራሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያጉረመርማል። ዜማው እንዴት እንደሆነ እንዲገባው እኔ አጠገቡ እየደጋገምኩ አንጎራጉራለሁ።

የሠርጉ ዕለት ስፒከሩ ተገጠመ፣ ሳምሪ በቬሎዋ መኪናው በር ላይ ቆመች፣ እኔም ጣቴን የዘፈኑ ማስጀመሪያ ላይ አደረግኩ። ተጫንኩት። ፕሮግራሙ ብልጭ ብሎ ተዘጋ። ደግሜ ተጫንኩት። ተዘጋ።

"ራጉኤል፣ ልጄን በዝምታ አሸኘኸኝ" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ማይኩን ከእጄ ወሰደና፣

*ካራማራን አልፈሽ ስትሄጂ ማለዳ፣*
*ልባችን ካንቺ ጋር፣ ቤታችን እንግዳ* አለ።

ድምፁ ለጆሮ የሚጥም አይደለም። ዜማውንም ሁለት ቦታ ገድሎታል። ግን ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አልሳተም። ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀበሉት፤ የሳምሪም ኩል በጉንጯ ወረደ። በዕድሜዬ ሙሉ ግጥሜን በቃሉ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጀዕፈር ላፕቶፑን አምጣው፣ ዊንዶውስ ልመልስልህ አለኝ። አመስግኜው አለፍኩ። ወደፊት ለሚወለደው የሳምሪ የመጀመሪያ ልጅ የሚሆን አዲስ ግጥም ጀምሬያለሁ፤ ዛሬ ማታ ዜማውን ይዤ ራጉኤል ቤት እሄዳለሁ። ቶሎ ባይስተካከልለት ደስ ይለኛል።