ከሰዓት ከሰዓት የሚጠፋው ኮምፒውተር

ጠጋ በሉ እስቲ፤ ሐምሌ ነው፣ የእንጦጦ ብርድ በር ቢዘጋበትም መግቢያ አያጣም። ሰው የሚወደው ዕቃ ሲበላሽበት አይታችሁ እንደሆነ፣ በሽታውን የሚፈልገው ከዕቃው ሆድ ውስጥ ነው። ማን ነካው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የልጅ ልጄ መክሊት ከእኛ ጋር ኮተቤ ነው የምትኖረው፤ የሕንፃ ሥዕል በኮምፒውተር እየሠራች ለአንድ ቢሮ ትልካለች። አምና በዚሁ ወር ሥራው ከበደና የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰር የሚሉትን፣ በበረታ ቀየረችው። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ጠባዩ ተለወጠ። ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት ሥዕሉን እንዲጨርስ ትታው ወጣ ብላ ስትመለስ ጠፍቶ ታገኘዋለች። "ፓወር ሳፕላዩ ነው እማማ" አለችኝ። መብራቱን ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃው የሚያከፋፍል ሳጥን ነው። አዲሱ አንጎል በላተኛ ነው፣ ሳጥኑ አልቻለውም። ቢሮው ደግሞ ቋሚ ሥራ ሊሰጣት ፈልጎ እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገሪን ብሏታል። በሚጠፋ ዕቃ እንዴት እሺ ይባላል?

ለባለቤቴ ጉልበት አነሰው ብላ ነግራቸው ነበርና፣ በየማዕዱ ጌታ ጉልበት እንዲሰጠው ይጸልዩለት ጀመር። ለበሬ ሲጸለይ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ለኮምፒውተር ግን በእሳቸው አየሁ።

ቅዳሜ መክሊት ቆረጠች። ዕቃውን እስኪበቃው የሚያለፋ ፕሮግራም ከፈተችበትና ሳሎን ከፊቱ ተቀመጠች፤ ምሳዋን እንኳ እዚያው አቀበልኳት። ዳገት እንደያዘ ሚኒባስ ያጓራል፣ በስክሪኑ የምታያቸው የሙቀትና የመብራት ቁጥሮች ግን ንቅንቅ አላሉም። ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ሌላ ቀን ሲያጉረመርም እኔ የታጠበ ልብስ ላነሳ ደጅ ነኝ፤ ያን ዕለት ገመዱ ባዶ ስለነበር ቁጭ አልኩ። እንጦጦ ላይ ነጎደ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብለው መስታወቱን በነጠላ ሸፈኑ፣ ቴሌቪዥኑን ነቀሉ፣ ፍሪጁን ነቀሉ፣ በመክሊት ትከሻ በኩል ዘንበል ብለውም የኮምፒውተሩን ሶኬት መዘዙት።

ዕቃው ጠፋ።

"አባባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?"

"ታዲያስ። ሲያባራ ደግሞ መልሼ እሰካዋለሁ፣ አንቺ እንዳትቸገሪ።"

ልጅቱ ትሳቅ ታልቅስ ጠፋት። እኔን ያ ሁሉ ጸሎት አሳዘነኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ፈተናውን ደገመችው፤ እራት እስኪቀርብ ድረስ ዕቃው አልዛለም፣ ሳጥኑም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ሰኞ ለቢሮው እሺ አለች፣ ይኸው እየሠራች ነው። አምና ነሐሴ ላይ መብረቅ የጎረቤታችንን ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አቃጠለ፤ የእኛው ሁሉ ተነቅሎ ነበርና ተረፈ። ባለቤቴ ዘንድሮ ወገባቸውን ስላመማቸው ከወንበራቸው ብዙም አይነሱም። ሲነጉድ ሥዕሏን መሐል ላይ አቋርጣ የምትነቅለው መክሊት ናት።