አቴናን ያነሱት ሰዎች

[አቃቂ በሰቃ። ደርዊሽ መሰላል ላይ ቆሞ የፎቶ ቤቱን የፊት ግድግዳ የግሪክ ቤተ መቅደስ አስመስሎ ነጫጭ አምዶች ይስልበታል። መሰላሉን የያዙለት ጎረቤቱ ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸው፤ የባቡር ጡረተኛ።]

ገብረጻድቅ፦ የአቴናውን ቤተ መቅደስ ካነሱት ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት እዚያው ቆመ?

ደርዊሽ፦ ጋሼ፣ በካሜራ ነው ያነሱት። ካሜራ በተፈለሰፈ በማግስቱ ፈረንጆቹ ሳጥናቸውን በበቅሎ ጭነው አቴና ወጡ። ያንን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ከፊት አነሱት፣ ከጎን አነሱት፣ ዞረው ደግሞ ከኋላ አነሱት።

ገብረጻድቅ፦ ያን ሁሉ ድንጋይ? በቅሎዋ ምን በድላ?

ደርዊሽ፦ ያ ረቢ። ድንጋዩን አይደለም፣ ምስሉን ነው። ችግሩ፣ ያኔ አንድ ፎቶ ለማንሳት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ሰው አይወጣም።

ገብረጻድቅ፦ [መሰላሉን ለቀው] ሰው ሳይወጣ አነሱት?

ደርዊሽ፦ ኧረ መሰላሉን ይያዙ።

ገብረጻድቅ፦ [መልሰው ይዘው] የኛዎቹ እንኳ ዕቃችሁን አውጡ ይላሉ። ለግሪኮቹስ ምትክ ቤት የት ሰጧቸው? ከከተማ ዳር ኮዬ ፈጬ ነው እንዳትለኝ ብቻ።

ደርዊሽ፦ እርስዎን ከማስረዳት አምዱን ማስረዳት ይቀላል። እብነ በረዱን ነቅሎ ለንደን የወሰደው ሌላ ሰውዬ ነው፣ ከካሜራ በፊት። እነዚህ ግን ጥበበኞች ናቸው። እነሱ ስላነሱት ነው ዓለም ያወቀው። የኔም ቤት ከሰኞ በኋላ እንደዚያው ይታወቃል።

ገብረጻድቅ፦ ሰኞ ደግሞ ምን አለ?

ደርዊሽ፦ አልነገርኩዎትም? ከወረዳ ቢሮ አንዲት ልጅ ደውላልኝ «ቤትህ ሰኞ ጠዋት ይነሳል፣ ተዘጋጅ» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳነሳ ኖሬ ተራው ለኔ ደረሰ። ይሄን ሁሉ ቀለም ያፈሰስኩት ለምን መሰለዎት?

ገብረጻድቅ፦ [ቀና ብለው እያዩት] ካሜራ ይዘን እንመጣለን አለችህ?

ደርዊሽ፦ ይሄ ይነገራል እንዴ? ያለ ካሜራ በምን ሊያነሱት ነው?

ገብረጻድቅ፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ደርዊሽ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ውረድ። እኛም ያኔ ጣቢያ ሳለን «ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ሀዲድ ነገ ይነሳል» አሉን። ጫማችንን አስጠርገን፣ ጸጉራችንን አበጥረን፣ በቁመት ተሰልፈን ጠበቅን።

ደርዊሽ፦ እና ፎቶው ወጣ?

ገብረጻድቅ፦ ሀዲዱ ወጣ።