የምች ቅርፊት በሐጂ ፍሪዘር

ምች የማያውቅ አንባቢ ካለ ከንፈሩ የታደለ ነው። እኛ ቆላ የምንኖረው ግን እናውቀዋለን። በላብ ተጠምቃችሁ ፀሐይ ላይ ስትወጡ፣ ወይም የጎረቤት ወጥ ሸቷችሁ ሳትቀምሱ ስታልፉ፣ በማግስቱ ከንፈራችሁ ላይ ችፍ ይላል። መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው፤ አሽቶ መቀባት፣ አበቃ። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝና «ኧረ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው» እያልኩ ስከራከር ስንት ወዳጅ አጥቻለሁ።

ቆላዋ ከተማችን ሸሕዲ ላይ ስንቱን ምች እንደነካው ላጠና ከሰሊጥ አጫጆች ጣት ደም እየወሰድኩ በወረቀት ላይ አድርቄ ነበር። «ደማችንን ምን ሊያደርገው ነው?» የሚለውን ሁሉ ለወራት አባብዬ ያገኘሁት ደም ነው። ምርመራው የሚሠራው ግን ጣት የማታህል አንዲት ብልቃጥ ስትመጣ ነው። በውስጧ ያለው የቫይረሱ ቅርፊት የሚሠራበት ፕሮቲን ነው፤ ያውም ከቫይረሱ የተቀዳ ሳይሆን፣ አሠራሩን አስተምረዋት ባክቴሪያ ያመረተችው። አያሲዝም፣ አይራባም። ሙቀት ከነካው ግን አለቀለት፣ የእኔም ልፋት አብሮት። ሌላ ብልቃጥ ደግሞ የለም።

ብልቃጧ በበረዶ ሣጥን ተሳፍራ ከጎንደር በደረሰች ዕለት መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ያላቸው በትልቅ ፍሪዘር ውሃ እያቀዘቀዙ ለቀን ሠራተኛ የሚሸጡት ሐጂ ኑር ብቻ ነበሩ። ሣጥኔን ታቅፌ ሄድኩ።

«ምንድን ናት?» አሉኝ።

እውነት መናገር ልማዴ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይጎዳኛል። «የምች ቅርፊት ናት።»

«አዑዙ ቢላህ! ምችን ከውሃዬ መኻል?»

«ባዶ ቅርፊት እኮ ናት፣ ሐጂ። ውስጧ ምንም የለም።»

ሐጂ ፍሪዘሩን ሊዘጉት ሲሉ፣ ውሃ ሊገዛ የቆመ አንድ የጎጃም አጫጅ ጣልቃ ገባ። «የተራገፈ ሰሊጥ ነው የሚልዎ። ቅርፊቱ አለ፣ ፍሬው ፈሷል። ቅርፊት ቢዘሩት ይበቅላል?»

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያቃተኝን እሱ በአንድ ትንፋሽ አስረዳው። ሐጂ ተረቱ፤ ሣጥኑም ፍሪዘር ገባ። ለማንኛውም ብለው ግን ከሣጥኑ ክዳን ላይ ዳማከሴ አሰሩበት።

በአራተኛው ቀን መብራት መጣ። ብልቃጤን ልወስድ ብሄድ ሱቁ በር ላይ ረጅም ሰልፍ! ከሐጂ ፍሪዘር የጠጣን ሰው ምች አይነካውም የሚል ወሬ ሽንፋ ድረስ ወርዷል። እኛ አገር ወሬ መብራት አይፈልግም።

«ብልቃጧ የትም አትሄድ» አሉ ሐጂ። «ሰው በእሷ ተማምኖ እርሻ ወርዷል።»

«ያለ እሷ እኮ የወራት ልፋቴ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል!»

«ባዶ ናት አላልኸኝም? ለባዶ ነገር ምን ያስቸኩልሃል?»

 ተናደድኩ፤ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ቀና ብል ግን የተሰለፈው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሚያየው ሣጥኑን ነው። ብልቃጧን አንድም ሰው አይቷት አያውቅም።

«ሐጂ፣ እሷን ብቻ ልውሰድ። ሣጥኑ ከነዳማከሴው ይቅርልዎ።»

የዳማከሴውን እስር ጠበቅ አደረጉ። «ኻላስ፣ ውሰድ።»

ብልቃጧን በረዶ በሞላሁት ፔርሙስ ውስጥ ስከት እፎይ አልኩ። ልማዴ ግን አለቀቀኝም። «እንዲያው ልንገርዎ ብዬ ነው፤ አሁን ሣጥኑ ባዶ ነው።»

«ፊትም ባዶ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉና ፍሪዘሩን ዘጉት።

በሩ ጋ ስደርስ ፀሐይዋ ፊቴን መታችኝ። ከንፈሬን በላኝ። ግራ ቀኝ አየሁና፣ ፔርሙሴን እንደታቀፍኩ ተሰለፍኩ።