የአንዲት «ቸ» ጣጣ

(የእንጨት ሥራ ቤት። «ሊቁ» የሚባለው አናጺ መጋዝ ይዞ ቆሟል። ባልደረባው «ረጋ» አንድ ወፍራም ሳንቃ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ብሏል።)

ረጋ፦ ብትገድለኝ አልነሳም! ጋሼ «ይቺን ሳንቃ የነካ ሰው ነገ እዚህ እንዳላየው» ብለዋል። ለልጃቸው አልጋ የምትሆን ናት።

ሊቁ፦ ጋሼማ አበቃላቸው ወንድሜ። ቅድም ሚስታቸው በስልክ ምን አሉህ?

ረጋ፦ እትዬ? «ዛሬ አይመጡም፣ ደክሟቸዋል» አሉኝ።

ሊቁ፦ ኤዲያ! ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም። «ደክመዋል» በል።

ረጋ፦ እሺ፣ ደክመዋል።

ሊቁ፦ አየህ! «እከሌ ደክመዋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ረጋ፦ ዘመድ አዝማድ ይጠራ... ውይ! ሊሞቱ ነው?

ሊቁ፦ ከራስህ አፍ ወጣ!

ረጋ፦ ኧረ እኔ የሰማሁት «ቸ» ነበረበት።

ሊቁ፦ እሱ ለቅሶ ነው። ሰው እንባ ሲተናነቀው «ቸ» ይገባበታል።

ረጋ፦ ያዛጉ መስሎኝ ነበር እኮ!

ሊቁ፦ ይልቅ ተነስ! የሬሳ ሣጥናቸውን ቀድሜ ከሠራሁ፣ ቤተሰቡ «ይሄ ነው የደከመልን» ብሎ ሥራ ቤቱን ለእኔ ነው የሚያስረክበው።

ረጋ፦ በሞትኩት! አንተም ደከምክ?

ሊቁ፦ ለፋሁ ማለት ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ተነስ!

(ገፍቶ ያስነሳዋል። ሳንቃው በመጋዝ ይቆረጣል፣ ምስማር ይመታል።)

ረጋ፦ ልካቸውን በምን አወቅህ?

ሊቁ፦ በዓይኔ። የባለሙያ ዓይን አይስትም።

(ስልክ ይጮኻል። ረጋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል።)

ጋሼ፦ (በስልክ) ሃሎ! ትናንት ዕቃ ሳወርድ አምሽቼ ድክም ብሎኝ ነበር። ተኝቼ ተነሳሁ፣ አሁን ቁርጥ ሎሚ መስያለሁ! ያቺ ሳንቃ ደህና ናት?

ረጋ፦ ደህና ናት ጋሼ። ክዳን ብቻ ነው የቀራት።

ጋሼ፦ የምን ክዳን? አልጋ ደግሞ ክዳን አለው እንዴ? ቆይ፣ በር ላይ ደርሻለሁ!

(ስልኩ ይዘጋል። ሊቁ መሬት ላይ ዘጭ ይላል።)

ሊቁ፦ ጉድ ሆንኩ! እንጀራዬ ተዘጋ! ረጋዬ፣ ጉልበቴ ከዳኝ... ውሃ...

ረጋ፦ (ሜትር እየዘረጋ) አመጣልሃለሁ። መጀመሪያ አማርኛውን አጥራልኝ፤ «ደክሞሃል» ወይስ «ደክመሃል»? አንተ አጭር ስለሆንክ ሣጥኑን ከእግሩ በኩል ልቆርጠው ነው።